አንድ ሰዓት ብቻ የጠየቁት መምህር

ጋሽ በራሶ ማረፋቸውን የሰማሁት ዲላ ከተማ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ የኮሌጃችንን የሃያ አምስተኛ ዓመት መጽሔት ረቂቅ በቀይ ብዕር እያረምኩ ሳለ ነው። ልጃቸው ብርሃኔ ከፍስሐ ገነት ደወለች። አባቷ ጠዋት እንዳረፉ፣ ቀብሩም በማግስቱ እዚያው እንደሚሆን ነግራኝ ስልኩን ዘጋች። ባለማተሚያ ቤቱ ፊቴን አይቶ ወንበር ሳበልኝ።

የኢዮቤልዩው ኮሚቴ ጸሐፊ ስለነበርኩ ለኮሌጁ ዲን መንገር የኔ ሥራ ነበር። ደወልኩለት። «ነፍሱን ይማር» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ፕሮግራሙ ታትሞ እንደሆነ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩት።

«ጥሩ። እንግዲያው ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ከክብር እንግዶቹ አውጪውና ተራ ቁጥር ሁለት ላይ፣ የሕሊና ጸሎቱ ውስጥ አስገቢው።»

አወጣሁ፤ አስገባሁ። መስመሩ እንዳይዛባም አስተካከልኩ። ንዴቴ የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ሳይበርድልኝ ነው። ነገር ግን መምህርት ነኝና ንዴትም ቢሆን በቅደም ተከተል ካልተነገረ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ኮሌጃችን ሊበራል አርትስ የሚባለው ዓይነት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተማሪው ኋላ የሒሳብ ሠራተኛም ይሁን ነርስ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከሁሉም እየቀመሰ ያሳልፋል፤ ከታሪኩ፣ ከጂኦግራፊው፣ ከሥነ አመክንዮው። ሰው ሙያ ከመያዙ በፊት ማሰብ ይልመድ ነው ነገሩ። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ኮሌጁ ከተከፈተበት ቀን ጀምረው ያስተማሩት ጋሽ በራሶ ናቸው። ያን ጊዜ ኮሌጁ ማለት አንድ የተከራዩት የቡና መጋዘን ነበር። ያ መጋዘን ዛሬ አራት ቁጥር ክፍል ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው አሁንም ጀንፈል ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ይሸታል። ሰሌዳው የተለጠፈ አይደለም፤ ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የተሠራ ነው። የቀቡትም ራሳቸው ጋሽ በራሶ እንደሆኑ ሰዎች ነግረውኛል።

አጭር ሰው ነበሩ። ግራጫ ኮታቸው የግራ ኪሱ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት አዲሱን ጠመኔ ለሁለት ይሰብሩታል። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። «ሙሉ ጠመኔ ሲጽፉባት ትጮኻለች» አሉኝ። «ሙሉ አዋቂም እንደዚያው ናት።»

አማርኛን ከአፍ መፍቻቸው ከጌዴኦፋ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ነው የተማሩት። ጥያቄውንም፣ ወንበሩንም፣ አንዳንዴ ዲኑንም «እሷ» ይሉ ነበር። በዲኑ ጊዜ ተማሪው ይስቃል፤ እርሳቸው ግን አይስቁም።

አሁን ዋናውን ነገር ላስረዳ። ጋሽ በራሶ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ከመጻፋቸው በፊት ከግራው ጠርዝ ክንድ ያህል ለክተው ከላይ እስከ ታች መስመር ያሰምራሉ። ከመስመሩ በስተቀኝ ያለው የመምህሩ ነው። በስተግራ ያለው የተማሪዎቹ፤ አናቱ ላይ «ለነገ» ይላል። ተማሪ ሲጠይቅ፣ መልሱን ቢያውቁት እንኳ፣ ወዲያው አይመልሱም። ጥያቄውን ከጠያቂው ስም ጋር እዚያ ይጽፉታል። ተማሪው ቤቱ ሄዶ ሰው ይጠይቃል፤ ጓደኞቹ ቤተ መጻሕፍት ይገባሉ፤ እርሳቸውም የራሳቸውን ፍለጋ ያደርጋሉ። የማግስቱ የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ የዚያ ነው። «ቶሎ የተመለሰች ጥያቄ ለጠያቂው ስድብ ናት» ይሉ ነበር። «አድራ ስትመጣ ታድጋለች።» በዚያ ሁሉ ዓመት ነገ ብለው ያስቀሩት ነገ አልነበረም።

እኔ ደግሞ ንጹሕ ሰሌዳ የጥሩ መምህር መጀመሪያ ነው ተብዬ የሠለጠንኩ ሰው ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ ያለው ሰዓት የኔ ነበር። ገባሁ፤ ጨርቅ አርጥቤ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አብለጨለጭኩት። ተማሪዎቹ አፍጥጠው አዩኝ። ለሥርዓቴ የተደነቁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ በራሶ የመምህራን ማረፊያ መጡ። ቁጣ ጠበቅኩ።

«መምህርት፣ ግራ በኩል ስንት ጥያቄ ነበረች?»

አላወቅኩም።

«ስድስት። እኔ አስታውሳታለሁ፤ ግን የደመሰሰች እጅ ብትሰበስባት ይሻላል።»

አምስቱን ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። ስድስተኛዋ ትዕግሥት የምትባል የኮንጋ ልጅ ናት፤ ከሰዓት ትምህርት ስለሌላቸው ቤተሰቦቿን ልታግዝ ወጥታለች። ነገ ጠዋት ስትመጣ ራሷ ብትጽፈው ምን አለበት አልኳቸው። ጋሽ በራሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄሽን እዚያው ታገኚዋለሽ ብዬ ነው የሸኘኋት አሉኝ። እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል፣ የቀረውን በእግር ሄድኩ። ትዕግሥት የታጠበ ቡና የተሰጣበት የሽቦ አልጋ አጠገብ ቆማ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። ስታየኝ ሳቀች።

«ቲቸር፣ ጥያቄ ፍለጋ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?»

ከአልጋው ማዶ ያሉት አባቷ ግን አልሳቁም። ልጃቸው ከኮሌጁ የተባረረች መስሏቸው ነበር። እንዳልሆነ ከነገርኳቸው በኋላ ትዕግሥት ጥያቄዋን ደገመችልኝ፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ለቅሞ ያስረክባል። ያ የታጠበው፣ ስሙ ዓለም ላይ የገነነው፣ ምን ምን እንደሚል ግን ቀምሶ አያውቅም። ለምን?» አባቷ እጃቸው ፍሬው ላይ እንዳለ ቆመ። «ያንን እኔም ጠይቄ አላውቅም» አሉ።

ማስተማር የጀመርኩት ከኮንጋ ስመለስ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማጽዳት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግራውን ጠርዝ በየቀኑ ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር፤ እንዳይጠፋ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንድ ደንብ መጣ። ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው ሰው ዋና መምህር ሆኖ ክፍል አይገባም ይላል። ደንቡን እኔ አንብቤዋለሁ፤ ሦስት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ረጅም ልምድ ያለው ሰው ረዳት መምህር ሆኖ መቀጠል እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። ዲናችን እስከ ሦስተኛው ገጽ የሚደርስ ትዕግሥት አልነበረውም። ሐሙስ ጋሽ በራሶ ዘጠኝ ጥያቄ ከመስመሩ በስተግራ ጽፈው «ለነገ» ብለው ወጡ። ዓርብ ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ደብዳቤ ተሰጣቸው። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆነዋል፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይረከቡ ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩበትን ክፍል በር ተማሪዎቹ ውስጥ ሆነው እያዩ ዘግተው ሄዱ።

ትምህርቱ ለኔ ተሰጠ። ወሰድኩት። «አልወስድም» ማለት እንደሚቻል ያን ጊዜ አልመጣልኝም ብል ውሸት ነው።

ግምጃ ቤት ገብተውም ማስተማር አልተዉም። ጠመኔ ለማውጣት የምንሞላው ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ። ሁላችንም «ለማስተማር» ብለን እንሞላዋለን። ጋሽ በራሶ ቅጹን ይመልሱታል። ምን ለማስተማር? በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልጻፍን ጠመኔ የለም። አንድ ጠዋት የኢኮኖሚክስ መምህሩ ሰዒድ መረረው። አባቱ ዲላ ውስጥ የታወቀ ሱቅ አላቸው።

«ጋሼ፣ የኔ አባት ስኳር ሊገዛ የመጣን ሰው ለምን ብለው አይጠይቁም እኮ።»

«አባትህ የሚሸጠው ስኳር ነው። ከኔ የምትወጣዋ የሃምሳ ልጅ አንድ ሰዓት ናት።»

ሰዒድ እያጉረመረመ ጻፈ። ያን ዕለት ምን እንደሚያስተምር አውቆ ክፍል የገባው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ ከወር በኋላ የነገረኝ ራሱ ነው። ሌሎቹ ግን ከሰሷቸው፤ ጠመኔ ያለ ምንም ጥያቄ እንዲሰጥ የሚል ማስታወሻ ከዲኑ ቢሮ ወጣ። ጋሽ በራሶ ማስታወሻውን አከበሩ። ከዚያ ወዲህ ቃል ሳይናገሩ ሰጡን፤ እያንዳንዱን ጠመኔ ለሁለት ሰብረው።

የማይተዉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዘጠኙ ጥያቄ። እነዚያ ልጆች ነገ ተብለዋል፤ ነገ አልመጣላቸውም። የተነጠቁትን ማዕረግ አልጠየቁም፤ ትምህርቱ ይመለስልኝም አላሉም። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ለዲኑ አመለከቱ፦ ለዘጠኝ ተማሪዎች ጥያቄ መልስ ለመስጠት አንድ ሰዓት አራት ቁጥር ክፍል እንድገባ ይፈቀድልኝ። መልሱ «ይታያል» የሚል ነበር። ከዓመት በኋላ ደግመው ጻፉ። «ከኢዮቤልዩው በኋላ ይታያል» ተባሉ። የሁለቱንም ደብዳቤ ግልባጭ አጣጥፈው በኮታቸው የቀኝ ኪስ ይዘው ይዞሩ ነበር።

አንባቢዬ እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ መጠየቅም አለበት። ትምህርቱ የኔ፣ ክፍሉ የኔ፣ ሰዓቱ የኔ ሆኖ ሳለ አንድ ሰዓት መስጠት ያቃተኝ ለምንድን ነው?

አንድ ቀን ጠመኔውን ራሳቸው ይዘው ክፍሌ በር ድረስ መጡ። ሥራቸው አልነበረም።

«መምህርት፣ ዛሬ ሰዓትሽ ትተርፍ ይሆን?»

«አትተርፍም ጋሼ። ምዕራፉ ገና ግማሹ ቀርቶኛል።»

ገብቶኝ ነበር። ለምን እንደመጡ ካየኋቸው ቅጽበት ጀምሮ ገብቶኝ ነበር። ቋሚ ልሆን ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ ዲኑም በመስኮት እያለፈ የሚያይ ሰው ነው። በደንቡ መሠረት መፈቀድ አለበት፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሥርዓት ወዳድ ሰው ፈሪ መሆኑን የሚያውቀው እንዲህ ያለ ቀን ነው። «እሺ መምህርት» አሉና ሄዱ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

በምትኩ ምን አደረግኩ? በየመንፈቅ ዓመቱ መጀመሪያ ደብተሬን አውጥቼ ዘጠኙን ጥያቄ በግራው ጠርዝ ላይ እንደገና አደምቃቸው ነበር። ተማሪዎቹ ያከብሩኝ ነበር ለዚህ። ጥያቄ ማድመቅ ሰዓት ከመስጠት ይቀላል።

ባለፈው ክረምት ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ወዳለችበት ፍስሐ ገነት ሄዱ። ኢዮቤልዩው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞቱ።

ሲሞቱ ኮሌጁ በአንድ ጊዜ ወደዳቸው። ኮሚቴው አራት ቁጥር ክፍል «የመምህር በራሶ አዳራሽ» እንዲባል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። መምህር! ከስማቸው ፊት ይህን ቃል ጽሕፈት ቤቱ ከጻፈው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን እኔ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ከክፍል እንዲወጡ መደረጋቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ዲኑ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዞ «በጡረታ እስከተሰናበቱበት ቀን ድረስ ትውልድ ሲቀርጹ ኖረዋል» አደረገው። በዓል ነው፣ ቅሬታ የሚነሳበት ቦታ አይደለም አለኝ። መጽሔቱ እንደዚያው ታተመ። የእርማት ገጹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ቀለም ቀቢዎች መጡ። እኔ እንግዶች የሚያርፉበትን ቤት እያስያዝኩ ነበር። ስመለስ አራት ቁጥር ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ ሆኗል። ሰሌዳው የለም። በቦታው አዲስ የማርከር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ የጋሽ በራሶ ፎቶ በወርቃማ ፍሬም። ፎቶው የተሰቀለው በግራ በኩል ነው። እኔ እርጥብ ጨርቅ ነበር የያዝኩት፤ እነዚህ ሁለት ባልዲ ቀለም ይዘው መጡ። የኔ ጥፋት ኮንጋ ድረስ አስኬደኝ። እነርሱን ግን የት እንደሚልክ የሚያውቀው ሰው ሞቷል።

በዓሉ ደማቅ ነበር። ድንኳን ተተከለ፤ መዘምራን ዘመሩ፤ የቀድሞ ተማሪዎች ተቃቅፈው ፎቶ ተነሡ። ዲኑ ስለ ጋሽ በራሶ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። እውነተኛ ሐዘን ይመስላል፤ ምናልባትም ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ ይኸው ነው። ለብርሃኔ በመስተዋት ፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከመድረክ ስትወርድ እኔ ጋ መጣችና አባቷ ያስተማሩበትን ክፍል እንዳሳያት ጠየቀችኝ።

ወሰድኳት። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ነጩ ክፍል መሐል ቆማ ዞር ዞር ብላ አየች።

«ለነገ የሚለው የት ጋ ነው?»

«ተቀባ» አልኳት።

 ወንበር ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ በክር የታሰረ የወረቀት ጥቅል አወጣች። የጠመኔ ማውጫ ቅጾች ናቸው፤ የተበላሹት፣ ሊጣሉ የነበሩት። ጀርባቸው ከላይ እስከ ታች በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። በእያንዳንዱ አናት ላይ የአንድ ተማሪ ስምና አንድ ጥያቄ አለ። ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው።

«አንድ ሰዓት ይበቃል ይል ነበር» አለችኝ። «ሰዓቱን አስሮ እኔን አስቀምጦ ያነብልኛል። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። የቀረችው ስምንት ደቂቃ ልጆቹ እንዲናገሩባት ነው ይለኝ ነበር።»

ቅጾቹን ቤቴ ወስጄ አነበብኳቸው። ጋሽ በራሶ ከግምጃ ቤት ሲወጡ በየቅዳሜው የት ይሄዱ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሰው ፍለጋ ሄደዋል። አንድ ልጅ፣ ጌዴኦ ዛፍ ሲቆርጥ ሌላ የሚተክለው ሕግ ስላለ ነው ወይስ ሰው እንዳያየው አፍሮ ብሎ ጠይቋቸው ነበር፤ ለእርሱ የአራት ሽማግሌዎችን መልስ ከነጭቅጭቃቸው ጽፈውለታል። ሌላዋ፣ አያቴ በአማርኛ ስትረግመኝ እስቃለሁ፣ በጌዴኦፋ ስትረግመኝ ግን ለምን ያመኛል ብላ ነበር። ለእርሷ ራሳቸው የተረገሙበትን ቀን ተርከውላታል።

ሰኞ፣ በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ያኔ አንደኛ ዓመት የነበሩትን ልጆች ጠራኋቸው። አሁን አራተኛ ዓመት ናቸው። ማንንም አላስፈቀድኩም። ዘጠኙም መጡ፤ ትምህርቱን አቋርጦ ባጃጅ የሚነዳው እንኳ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ገባ። ሌሎቹም የክፍል ጓደኞቻቸው ተከተሉ። መጀመሪያ ያነበብኩት የትዕግሥትን ነው። ያን የኮንጋውን ጥያቄዋን ተከትላ በመጨረሻው ሐሙስ ሌላ ጠይቃ ነበር፦ «አባቴን ጠየቅኩት፤ የኔ ሥራ እስከ ማስረከቢያው በር ነው አለኝ። በሩን የሠራው ማን ነው?»

«ትዕግሥት» ይላል ቅጹ፣ «አሪቻ ድረስ ሄጄ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሦስቱም ወደ ሌላ ሰው ጠቆሙኝ። በሩን የሚጠብቅ ብዙ ነው፤ ሠራሁት የሚል ግን አላገኘሁም። ይህቺ መልስ አይደለችም። ከየት እንደምትቀጥዪ ማሳያ ናት።»

ትዕግሥት ጻፈችው። ማንም አላለቀሰም፤ መከራከር ጀመሩ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። ዲኑ ነበር። ክፍሉን አየ፤ እኔን አየ፤ እጁ ላይ ያለውን የጊዜ ሰሌዳ አየ።

«ይህ ሰዓት የማን ነው?»

«የመምህር በራሶ።»

ያሾፍኩበት መሰለው። «የማን?» አለ እንደገና።

«በሩ ላይ ተጽፏል» አልኩት።

ቀና ብሎ በሩ አናት ላይ «የመምህር በራሶ አዳራሽ» የሚለውን አየ። ከሦስት ቀን በፊት ሪባኑን የቆረጠው ራሱ ነው። ዘግቶት ሄደ፤ እኛም እስከ ዘጠነኛው ጨረስን።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ባልተፈቀደ ሰዓት፣ ላልተፈቀደ ትምህርት ክፍል ስለያዝኩበት ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳብራራ ይጠይቃል። ማብራራት እወዳለሁ፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ጋሽ በራሶ የጠየቁት ግን አንድ ሰዓት ነበር። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ የእርሳቸው፣ ስምንት ደቂቃ የልጆቹ። ይህን ለማብራራት ሦስት ቀን አያስፈልገኝም።